ለደብረ ብርሃን ቤት ኢንቨርተርና ባትሪ፦ መብራት የሚጠፋበትን ብቻ ሳይሆን የሚቆይበትንም ሰዓት ይቁጠሩ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መብራት በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል። አራት አምፖል፣ ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ፣ ዋይፋይ፣ ላፕቶፕ፣ ስልኮችና መካከለኛ ፍሪጅ እንዲሠሩልኝ ፈልጌ ነበር። ሻጩ 3000 ዋት ኢንቨርተርና ሁለት ባለ 100 አምፔር የመኪና ባትሪ አቀረበልኝ፤ ምጣድም ይችላል ብሎኛል። ልግዛ ወይስ ሊትየም ይሻላል? ብርዱስ ባትሪ አይጎዳም?»

ምላሽ፦

የቀረበልዎትን እንዳለ አይግዙ። ኢንቨርተሩ ከሚያስፈልግዎ በእጥፍ ይበልጣል፣ ባትሪው ደግሞ ያንሳል፤ ዓይነቱም ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። የምጣዱን ነገር ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው ግዢውን ከኢንቨርተሩ ይጀምራል፤ ትልቁ ቁጥር የተጻፈው እሱ ላይ ነውና። ኢንቨርተር የሚወስነው ግን በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ መሸከም እንደሚቻል ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚበራ የሚወስነው ባትሪው ነው። ባትሪው ራሱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው ደግሞ መብራት በመጣ ጊዜ እስከ አፉ ለመሙላት የሚያገኘው ሰዓት ነው። ይህን ሦስተኛውን ነገር የሚጠይቅ ሻጭ ብዙም አያጋጥምም፤ ባትሪ በአንድ ዓመት የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ፤ የዕቃው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ምሽት፣ ለ4 ሰዓት፦

አራት ባለ 9 ዋት አምፖል፦ 144 ዋት-ሰዓት
ቴሌቪዥን 70 ዋት ከሪሲቨር 15 ዋት ጋር፦ 340
ዋይፋይ 10 ዋት፦ 40
ላፕቶፕ 50 ዋት ለ3 ሰዓት፦ 150
ሦስት ስልክ፦ 45
ፍሪጅ፦ 180

ፍሪጁ ሞተሩ ሲዞር 120 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ነገር ግን እየዞረ እየቆመ ስለሚሠራ በአማካይ 45 ዋት አድርጌ ይዤዋለሁ። በሩ ቶሎ ቶሎ የሚከፈት ወይም የበሩ ጎማ የላላ ከሆነ ከዚህ ይበልጣል። የእርስዎ ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተው ሒሳቡን ያስተካክሉ፤ በተለይ ቴሌቪዥኑን፣ እንደ ስፋቱ በጣም ይለያያልና።

ድምሩ 900 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ጉልበት ወደ 220 ቮልት ሲቀይር አሥር ከመቶ ያህሉን በሙቀት ያባክነዋል፤ ምንም ዕቃ ሳይሰካበትም ራሱን ለማንቀሳቀስ 25 ዋት ያህል ይበላል። ሁለቱ ሲደመሩ ባትሪው መስጠት ያለበት 1100 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ሻጩ ያቀረበልዎት ሁለት ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ተባዝቶ ቢደመር፣ 2400 ዋት-ሰዓት ነው። ሲያዩት ከበቂ በላይ ይመስላል። ግን የእርሳስ ባትሪ፣ አሲዱ የሚፈስሰውም ሆነ እዚህ «ደረቅ» የሚባለው ጄልና ኤጂኤም፣ ከግማሹ በታች እየወረደ የሚሠራ ከሆነ ዕድሜው በጣም ያጥራል። ስለዚህ የእርስዎ 1200 ነው። ከዚያም ላይ ይቀነሳል። «100 አምፔር» የሚለው ጽሑፍ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ቢወጣ ለማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ማታ ማሞቂያ የሌለው ክፍል 10 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። በዚያ ሙቀት የእርሳስ ባትሪ አሥር ከመቶ ያህሉን አይሰጥም። በ20 ሰዓት ሳይሆን በጥቂት ሰዓት ሲወጣ ሌላ አሥር ከመቶ ይጎድላል። 1200 የነበረው 970 ላይ ወረደ። ባትሪው አዲስ እያለ እንኳ 1100 አልሞላም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ያስቡት።

ስለዚህ እርሳስ ከሆነ ሁለት ባለ 150 አምፔር-ሰዓት ይግዙ፤ በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሆናሉ። 3600 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከብርዱና ከፍጥነቱ ቅነሳ በኋላ ግማሹ 1450 ገደማ ነው። ባትሪው አርጅቶ ከመቶ ሰማንያ ላይ ሲወርድም 1160 ይሰጣል፤ ያኔም ምሽቱን ይወጣልዎታል። የመኪና ባትሪ ግን ይቅርብዎ። የመኪና ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተሠራው፤ ለዚህም የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ስስና ብዙ ናቸው። በየምሽቱ ግማሹ ድረስ ሲወርድ ሰሌዳው ይረግፋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሙሉ ወደ ባዶ የሚወርደው በግማሽ ሰዓት ይሆናል። የሚፈልጉት ሻጮች «ዲፕ ሳይክል» ወይም «የሶላር ባትሪ» የሚሉትን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ምሽቱን 1100 ዋት-ሰዓት ካወጡ ከ24 ቮልቱ ባትሪ 46 አምፔር-ሰዓት ሄዷል። የእርሳስ ባትሪ የሚሞላው ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 ከመቶ በሆነ አምፔር ነው፤ ለባለ 150 ከ15 እስከ 30 አምፔር መሆኑ ነው። በ20 አምፔር ቢሞላ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ችግሩ የመጨረሻው ክፍል ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ አምፔሩን በራሱ እየቀነሰ ስለሚቀበል የቀረችዋ አሥራ አምስት ከመቶ ብቻዋን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ትወስዳለች፤ ትልቅ ቻርጀር ቢገዙም ይህን ሰዓት አያሳጥረውም። በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት ያስፈልጋል ማለት ነው።

መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት መጥቶ እስከ ንጋት ካደረ ይበቃዋል። መጥቶ በሁለት ሰዓት ተመልሶ ከሄደ፣ ማግስቱንም እንዲሁ ከሆነ፣ ባትሪው ሳይሞላ ይከርማል። ሳይሞላ የከረመ የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ይህ ከጠጠረ በኋላ ተመልሶ አይሟሟም። ብዙ ጊዜ «ባትሪው ፎርጅድ ነው» የሚባለው በዚህ መንገድ የሞተ ደኅና ባትሪ ነው።

እንግዲህ እርሳስ ወይስ ሊትየም የሚለው ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ሊትየም ስል ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው፤ ለቤት የሚሸጠው በብዛት እሱ ነው፣ እርስዎም እሱ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ባትሪ በከፊል ተሞልቶ ቢቆይ አይጎዳም። በሄደ በመጣ መብራት ያገኘውን ያህል ይዞ ይቀጥላል፤ ከተፈለገም 46 አምፔር-ሰዓቱን በ40 አምፔር በአንድ ሰዓት ከሩብ ይተካል። ከአቅሙ 85 ከመቶውን ያለ ሥጋት ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 2560 ይይዛል፣ 2170 ያህል ይሰጣል። የእርስዎን ምሽት ሁለት ጊዜ ሊያሳልፍ ምንም አይቀረውም።

በዕድሜም ይለያያሉ። ጥሩ የእርሳስ ባትሪ በግማሽ ወጪ 500 ጊዜ ገደማ ይመላለሳል፤ ሊትየሙ ከ2000 በላይ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠፋበት ቤት በዓመት 150 ጊዜ ይመላለሳል፤ እርሳሱ ከሦስት ዓመት ትንሽ አልፎ ያበቃል። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠፋበት ግን ሊትየም መግዛት ገንዘብ ማሰር ነው። እርሳሱ ሞልቶ ተቀምጦ በተፈጥሮ ዕድሜው አራት አምስት ዓመት ይቆይለታል። ለእርስዎ ሁኔታ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ከሆነ፣ የሊትየሙ ዋጋ የሁለቱ ባለ 150 ዲፕ ሳይክል ዋጋ እጥፍ ተኩል እስኪደርስ ድረስ ሊትየሙን እመርጣለሁ። ከዚያ ካለፈ እርሳሱን ይግዙና በአግባቡ ይሙሉት።

ብርዱን በተመለከተ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ለሁለቱ ባትሪዎች አንድ አይደለም።

ሊትየም በብርድ ጉልበት ሲሰጥ ብዙም አይቸገርም። አደጋው ሲሞላ ነው። የባትሪው ሴል ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሲሞላ ሊትየሙ ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ የተለበጠው አይመለስም፣ በአቅሙ ላይ የቀነሰው ቀንሶ ይቀራል። አሁን የደብረ ብርሃንን ወይም የመሐል ሜዳን የታኅሣሥ ሌሊት ያስቡ። መብራት የሚመለሰው ሰው ከተኛ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩ ማንንም ሳይጠይቅ መሙላት ይጀምራል፤ ሰዓቱ ደግሞ ውርጭ የሚወርድበት ነው። ባትሪው ጣሪያውና ግድግዳው ቆርቆሮ በሆነ፣ ኮርኒስ በሌለው የጓሮ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ አደጋ ላይ ነው። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ወለል በእንጨት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዜሮ አይደርስም። ሲገዙም የውስጥ መቆጣጠሪያው፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚያቋርጥ መሆኑን ይጠይቁ። ያለው ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ፦ በጠዋት «አልሞላም» ብሎ ቢያገኙት ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ ወጥቶ ሲሞቅ ይቀጥላል።

እርሳሱ በብርድ ጊዜ የሚፈልገው ከፍ ያለ የመሙያ ቮልቴጅ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው 14.4 ቮልት ለ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ለአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 0.018 ቮልት ይጨመራል። ክፍሉ 10 ዲግሪ ከሆነ 14.67 ይመጣል። ሸዋ ሮቢት ላለ ቤት በተቃራኒው ነው፤ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል 14.2 ይበቃዋል፣ በ14.4 ቢቀጥል ውሃውን ያደርቅበታል። አንድ ሻጭ ለሁለቱም ከተማ በአንድ ዓይነት ቁጥር ሞልቶ ከሰጠ አንደኛው ቤት ባትሪው ሳይሞላ፣ ሌላኛው ደግሞ ተቃጥሎ ያልቃል። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ኢንቨርተር ካገኙ ሽቦውን ከባትሪው ጎን ይለጥፉት፤ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ከሌለው በበጋና በክረምት ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ጄል ባትሪ ግን ከፍ ያለ ቮልቴጅ አይወድም፤ ለእሱ መነሻው 14.1 ወይም 14.2 ስለሆነ የራሱን ጽሑፍ ያንብቡ።

ወደ ኢንቨርተሩ። ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ቢሠራ የእርስዎ ጭነት 350 ዋት ገደማ ነው። የሚያስቸግረው የፍሪጁ ሞተር ነው፤ ሲነሣ ለቅጽበት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ፣ ማለትም 600 ወይም 800 ዋት ይስባል። ስለዚህ 1000 ዋት መነሻ ነው፤ 1500 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ምክንያቱም ሙቀትን የሚያወጣው አየር ስለሆነና እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ብዙ አምራቾች ሙሉ ዋቱን የሚያረጋግጡት እስከ 1000 ሜትር፣ አንዳንዶቹ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ከ1000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ አንድ ከመቶ ቢቀነስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 1500 ዋቱ 1230 ይሆናል። ለእርስዎ ያም ይበቃል።

3000 ዋቱስ ምን ጉዳት አለው? ትልቅ ኢንቨርተር ያለሥራ ሲቆም የሚበላው ከ40 እስከ 60 ዋት ሊደርስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በጠፋ ቀን፣ በ10 ሰዓት ውስጥ 500 ዋት-ሰዓት፣ የአንድ ምሽት ግማሽ ያህል፣ ለራሱ ወሰደ ማለት ነው። ደግሞ የዋት ጽሑፍን በክብደት ይመርምሩት፤ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሳጥን ላይ 3000 ቢጻፍ የቅጽበት ጉልበቱን ነው፤ ዘላቂው ግማሹ ወይም ከዚያም በታች ነው። ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) እና ዋትም አንድ አይደሉም፤ 1500 ቪኤ ብዙውን ጊዜ 1200 ዋት ነው።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ሞገድ «ፒውር ሳይን ዌቭ»፣ እንደ መንግሥቱ መብራት ለስላሳ የሆነው፣ መሆን አለበት። በርካሹ፣ «ሞዲፋይድ» በሚባለው፣ አምፖልና ስልክ ይሠራሉ፤ የፍሪጅ ሞተር ግን እያጉረመረመ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የቢሮ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ገዝቶ ትልቅ ባትሪ ከውጭ መቀጠልም አለ። እሱ ለአሥር ደቂቃ ታስቦ ስለተሠራ ትራንስፎርመሩ ለሰዓታት ሥራ አይችልም፣ ቻርጀሩም ለትልቅ ባትሪ አንድ ሁለት አምፔር ብቻ ነው የሚሰጥ፤ አይሞክሩት።

ሲገዙ አንድ ቅንብር ላይ ያተኩሩ፣ ብዙ ቤት የሚያምሰው እሱ ነው። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች የመንግሥቱን መብራት የሚቀበሉበት ሁለት ክልል አላቸው። ጠባቡ፣ «ዩፒኤስ» የሚለው፣ ከ170 እስከ 280 ቮልት፤ ሰፊው፣ «አፕላያንስ» የሚለው፣ ከ90 እስከ 280 ቮልት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ስቶቭ በሚለኩስበት ሰዓት መስመሩ 170 አካባቢ ሲዋልል፣ በጠባቡ ክልል ላይ ያለ ኢንቨርተር በየደቂቃው ወደ ባትሪ ይዘላል። መብራት እያለ ባትሪው ሲያልቅ ያያሉ፤ ከዚያም መብራት በእርግጥ ሲጠፋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሰው ባትሪውን ያማርራል፤ ባትሪው ግን ምንም አላደረገም። በሰፊው ክልል ላይ ሲያደርጉት መዝለሉ ይቆማል፤ ነገር ግን ዝቅ ያለውንም ቮልቴጅ እንዳለ ወደ ቤት ያሳልፈዋል። 150 ቮልት ላይ ለመነሣት የሚታገል የፍሪጅ ሞተር ይቃጠላል። ስለዚህ ሰፊውን ይምረጡና ፍሪጁን ብቻ ዝቅታና ከፍታን በሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚያስጠብቅ መከላከያ በኩል ያሳልፉት። መብራት ሲመጣ የሚያቃጥለው የመጀመሪያው ግፊት ስለሆነ ይህ መከላከያ ኢንቨርተር ለሌለው ቤትም ይጠቅማል።

አገጣጠሙን ለኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ ግን እነዚህን አይለፏቸው።

1500 ዋት በ24 ቮልት ከባትሪው 70 አምፔር ገደማ ይስባል። በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ይጠቀሙ። በ12 ቮልት ቢሆን ኖሮ አምፔሩ እጥፍ ስለሚሆን 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ይጠይቅ ነበር፤ 24 ቮልት የተመረጠው ለዚህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ የ100 አምፔር የዲሲ፣ ማለትም ለባትሪ ጉልበት የተሠራ፣ ፊውዝ ይግባ። የቤቱን ተራ ብሬከር በዚያ ቦታ አያስገቡ። ተለዋጭ መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ የባትሪ ጉልበት ግን ዜሮ ስለማይነካ ተራው ብሬከር ሲቆርጥ ብልጭታው ሳይጠፋ ውስጡን ያቀልጠዋል። የገመዱ ጫፍ በመጭመቂያ በደንብ የተጨመቀ የመዳብ ራስ ይኑረው፤ በፒንሳ ተጠምዝዞ የታሰረ ጫፍ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ሥራው ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዕቃው ሁሉ እየሠራ የገመዱን ጫፎች ሽፋን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ከሌላው በተለየ የሚሞቅ ካለ ላልቷል።

የመፍቻውን እጀታ በቴፕ ይጠቅልሉ፤ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ የነካ መፍቻ ከባትሪው ጋር ይበየዳል። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ሲያያይዙ ኔጌቲቩ መጨረሻ፣ ሲፈቱ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ነው። ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ሲነካ ትንሽ ብልጭ ቢል አይደንግጡ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች እየሞሉ ነው።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው መስመር ለብቻው ትንሽ ማከፋፈያ ሳጥን ይኑረው። አምፖሎቹ፣ የሳሎኑ ሶኬትና ፍሪጁ ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ በቀድሞው ላይ ይቀራሉ። ፌዙ ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉም መለየት አለበት፤ ከተቀላቀለ አንዳንዱ መከላከያ ያለምክንያት ይዘላል፣ ኢንቨርተሩም ሊቃጠል ይችላል። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ የኢንቨርተሩን ጉልበት በግድግዳ ሶኬት ወደ ቤት መክተት በፍጹም አይደረግም። ያ ጉልበት በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ላይ ሲደርስ ከፍተኛ ቮልት ይሆናል፤ ምሰሶ ላይ ጠፍቷል ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

አሲዱ ፈሳሽ የሆነ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ነው። አየር የሚወጣበት ቦታ ይሁን፤ ከቡታጋዝና ቡና ከሚፈላበት ከሰል ይራቅ። ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ የቧንቧም ሆነ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ አይሆንም። ዓይን ውስጥ ቢገባ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ቅንብሮቹን የፋብሪካው እንዳሉ አይተዋቸው። ባትሪው አልቋል ብሎ የሚያቋርጥበት ቮልት ብዙ ጊዜ 21 ሆኖ ይመጣል። በእርሳስ ባትሪ ይህ ባዶ ማለት ነው፤ ወደ 23.5 ከፍ ያድርጉት። የእርሳሱ መሙያ 28.8፣ በብርዱ ወራት 29.3፤ ከሞላ በኋላ የሚጠብቀው 27.2 ቮልት ይሁን። ለባለ 25.6 ቮልቱ ሊትየም መሙያው 28.2፣ መጠበቂያው 27.0፣ ማቋረጫው 24.0 ይበቃል፤ «ኢኳላይዜሽን» የሚለው፣ ለእርሳስ ባትሪ የታሰበ ከፍ ባለ ቮልት መሙላት፣ ጠፍቶ ይቆይ። የመሙያ አምፔሩን ለእርሳሱ 20፣ ለሊትየሙ 30 ወይም 40 ያድርጉት። በ40 አምፔር ሲሞላ ከመስመሩ 1300 ዋት ገደማ ስለሚስብ መብራት በመጣ ሰዓት ምጣድ አብሮ ከተጣደ የቆጣሪው ብሬከር ሊወድቅ ይችላል፤ የሚወድቅ ከሆነ ወደ 20 ያውርዱት።

ሱቅ ሲሄዱ መለኪያና ሚዛን ይፈልጉ። ዲፕ ሳይክል 100 አምፔር-ሰዓት እርሳስ ከ28 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ኪሎ ከሆነ የተጻፈው ያህል እርሳስ ውስጡ የለም። ባለ 150ው በዚያው ልክ ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል። ሳይያያዝ ሲለካ ከ12.5 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ወራት ተቀምጦ ሰልፌት ጀምሮታል፤ ይተዉት። ሁለቱ ባትሪ አንድ ዓይነት፣ አንድ የምርት ቀን ይሁኑ፤ አዲስና አሮጌ ሲጣመሩ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። ሊትየም ከሆነ ሁለት ባለ 12 በተከታታይ ከማያያዝ አንድ ባለ 24 ይሻላል፤ የሁለቱ ቢኤምኤስ ስለማይነጋገር አንዱ ቀድሞ ሞልቶ ሌላውን ሳይሞላ ያስቀረዋል። ቢኤምኤሱ 100 አምፔር የሚችል ይሁን።

ለወደፊቱ ሶላር ካሰቡ ከአሁኑ የሶላር መግቢያ ያለው ኢንቨርተር ይግዙ። ቀኑን ሙሉ በሚጠፋበት ጊዜ 400 ዋት ፓኔል በበጋ ፀሐይ ከ1500 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን በዚያ አይመኑ።

ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከ24 ቮልት ባትሪ 160 አምፔር ማለት ነው። ለሁለት ሰዓት ጋገራ እስከ 7000 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል፤ ሻጩ ያቀረበልዎት ሁለቱ ባትሪዎች እስከ መጨረሻው ጠብታ ቢጨመቁ ያላቸው 2400 ነው። ለእንጀራ የሚሆን ባትሪ የሚገዛው ሰው ሌላ በጀት ያለው ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ይጋግሩ።

ከተገጠመ በኋላ ገንዘቡን ጨርሰው ሳይከፍሉ አንድ ቀን ይፈትኑት። ባትሪው ሌሊቱን ሞልቶ ይደር። ጠዋት ቻርጀሩ ተቋርጦ ከሁለት ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳይ። ከዚያ ዋናውን ብሬከር ያጥፉና 160 ዋት የሚሆን ጭነት፣ ለምሳሌ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ፣ አራቱን አምፖልና አንድ ሁለት ተጨማሪ ዕቃ፣ ለ8 ሰዓት ያሠሩ። ጭነቱ ተነቅሎ ከአንድ ሰዓት ዕረፍት በኋላ ባለ 150ዎቹ እያንዳንዳቸው ከ12.2 በታች ካሳዩ ወይም በሁለቱ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ይመልሷቸው። ሊትየሙን በዚያው ጭነት ራሱ እስኪያቋርጥ ድረስ ይተዉት፤ 12 ሰዓት ሙሉ ሳይቆይ ከቆመ 100 አምፔር-ሰዓት አይደለም። ዋስትናው ወረቀት ላይ ሲጻፍ «ባትሪ» ብቻ ተብሎ እንዳይታለፍ፤ የሴሉ ዓይነት፣ አቅሙ በአምፔር-ሰዓት፣ የመለያ ቁጥሩና ከስንት ከመቶ በታች ሲወርድ እንደሚቀየር ይጻፍበት።